አድራሻውም በፊደላችን ይጻፍ

በአማርኛ የሚዘጋጁ የዜናና የመጽሔት ድረ ገጾችን የሚከታተል ሰው ከጽሑፎች ግርጌ ተደርድረው የሚታዩትን አጫጭር ቃላት ያውቃቸዋል። «ግብርና»፣ «ጤና»፣ «ምርጫ»፣ «ሥነ ጽሑፍ» እያሉ ይዘልቃሉ። ሙያተኞቹ ታግ ይሏቸዋል፤ እዚህ መለያ ቃል እንበላቸው። አንባቢ ከእነዚህ አንዱን ሲነካ ድረ ገጹ በዚያ ጉዳይ ላይ ከዓመታት በፊት ጀምሮ ያወጣው ሁሉ በአንድ ገጽ ተሰብስቦ ይቀርብለታል። ያ ገጽ የራሱ አድራሻ፣ ማለትም የራሱ ሊንክ አለው፤ የሊንኩ የመጨረሻ ክፍል ደግሞ መለያ ቃሉን መናገር ይኖርበታል። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ የሚገጥመን ወይ ምንም የማይናገር ቁጥር ነው፣ ወይ እያንዳንዱ ሰው እንደመሰለው የጻፈው የላቲን ፊደል ነው። የአማርኛ መለያ ቃል አድራሻ በአማርኛ ፊደል መጻፍ አለበት፤ የፊደላችንን ጠባይ የሚያውቅ ደንብም አብሮት ሊሠራለት ይገባል። ይህ ለሶፍትዌር ባለሙያ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። አዘጋጁም፣ የድረ ገጹ ባለቤትም፣ አንባቢውም የሚጠይቁበት ምክንያት አላቸው።

ሊንክ አንባቢው ገና ገጹን ሳይከፍት የሚያነበው ጽሑፍ ነው። ዛሬ አብዛኛው የአማርኛ ንባብ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው በቴሌግራምና በፌስቡክ ነው፤ ሰው ለወዳጁ ሊንክ ይልካል፣ ወዳጁም ልክፈተው አልክፈተው ብሎ የሚወስነው ባየው ነገር ነው። በዚህ ላይ የመለያ ቃል ገጽ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው፤ ዕድሜው ረጅም ነው። አንድ ዜና በሳምንቱ ይረሳል። «ግብርና» የሚለው ገጽ ግን ድረ ገጹ እስካለ ድረስ እየወፈረ ይሄዳል፤ ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ ይጠቅሰዋል፣ ጋዜጠኛ የቀድሞውን ዘገባ ፍለጋ ይመለስበታል። የድር ፈጣሪ የሆነው ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው በሰፊው በሚታወቅ ጽሑፍ ጥሩ አድራሻ አይለወጥም ሲል ተከራክሮ ነበር። እዚያው ላይ የጉዳይ ስም አድራሻ ውስጥ እንዳይገባ ማስጠንቀቁን አልሸሽግም፤ ሰዎች ነገሮችን የሚመድቡበት መንገድ ከጊዜ ጋር ይለወጣልና። ማስጠንቀቂያው አንድን ጽሑፍ በአንድ ምድብ ሥር አስሮ ለሚያስቀምጥ አድራሻ እውነት ነው። የመለያ ቃል ገጽ ግን ከጉዳዩ ስም ሌላ ማንነት የለውም፤ ስሙን ከአድራሻው ብናወጣ የሚቀረው ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩም ለማንም ምንም አይነግረውም።

ችግሩ የሚጀምረው ከመሣሪያዎቹ ነው። ጃንጎ የሚባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር እንውሰድ። የተወለደው በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ በሎውረንስ ከተማ ጋዜጣ የድረ ገጽ ክፍል ውስጥ ነው፤ ለሕዝብ የተለቀቀውም እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ለጋዜጣ ሥራ የታሰበ በመሆኑ ርዕስን ወደ አድራሻ የሚቀይር አነስተኛ መሣሪያ አብሮት አለ። ይህ መሣሪያ ካልተነገረው በቀር የሚያስቀረው የእንግሊዝኛ ፊደላትንና አኃዞችን ብቻ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ይጥላል። «ግብርና» ብለው ቢሰጡት ባዶ ይመልሳል። «ምርጫ 2013» ቢሰጡት «2013» ብቻ ይመልሳል፤ «በጀት 2013» ቢሰጡትም ያው «2013» ነው። ፍጹም የማይገናኙ ሁለት ጉዳዮች አንድ አድራሻ ላይ ይጋጫሉ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ በወጣው 1.9 እትሙ የሌሎች ቋንቋዎችን ፊደላት እንዲቀበል የሚያስችል አማራጭ ተጨምሮለታል። አማራጩ ግን ዛሬም ባለሙያው ራሱ ካልከፈተው ዝግ ነው። ከተከፈተም በኋላ አድራሻውን ተቀብሎ ገጹን የሚፈልገው ክፍል ለብቻው ካልተስተካከለ የአማርኛውን አድራሻ አላውቅህም ብሎ ይመልሰዋል። ሬይልስ የሚባለው ሌላው ታዋቂ መሣሪያም ወደ ላቲን ሊቀይረው ያልቻለውን ፊደል ስለሚጥል የአማርኛ ቃል እጁ ላይ ባዶ ይሆናል። ዎርድፕሬስ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው፤ የእኛን ፊደል ሳይጥል ይቀበላል። የእሱ ችግር ሌላ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ባዶ አድራሻ የገጠመው ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸሸው ወደ ላቲን ፊደል ነው። ሽሽቱ ይገባኛል፤ ፈጣን ነው፣ መሣሪያው አያጉረመርምም፣ ሊንኩም አጭር ይሆናል። ነገር ግን አማርኛን በላቲን ለመጻፍ ሕዝቡ የተስማማበትና በየዕለቱ የሚሠራበት አንድ ሥርዓት የለንም። ጸሐይ የሚለውን ስም ሰዎች በፓስፖርታቸውና በፌስቡካቸው ላይ እንዴት እንደሚጽፉት ማየት ይበቃል፤ አንዱ በቲና በኤስ ይጀምረዋል፣ ሌላው በቲና በዜድ፣ ሦስተኛው በኤስ ብቻ፤ መጨረሻውንም አንዱ በዋይ ሌላው በአይ ይዘጋዋል። ከዚህ የሚብሰው የላቲኑ አጻጻፍ የተለያዩ ቃላትን አንድ ማድረጉ ነው። በተለመደው አጻጻፍ ጠ እና ተ ሁለቱም ቲ ናቸው፤ ቀ እና ከ ሁለቱም ኬ ይሆናሉ፤ ጨ እና ቸ አይለዩም። ስለዚህ «ምርት» እና «ምርጥ» ሁለቱም ኤም፣ አይ፣ አር፣ ቲ ተብለው ይጻፋሉ። የግብርና ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ የሰብል ምርትና ምርጥ ዘር በየሳምንቱ የሚነሱ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ሊቃውንት ከፊደሉ ሥር ነጥብ፣ ከላዩ ጭረት እያደረጉ ልዩነቱን የሚጠብቁበት የላቲን አጻጻፍ እንዳላቸው አውቃለሁ። ለምርምር መጽሐፍ ተገቢ ነው። እነዚያን ምልክቶች ግን ተራ አንባቢ አይጽፋቸውም፤ የአድራሻ መሣሪያዎቹም ነጥቡንና ጭረቱን ገፍፈው ይጥሏቸዋል፤ ስንዞር ስንዞር ተመልሰን ከነበርንበት እንቆማለን።

የዓመተ ምሕረቱ ነገርም አለ። ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ የተካሄደው ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። «ምርጫ 2013» የሚለውን መለያ ቃል በፊደላችን የሚያየው ሰው ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ለመገመት አይቸገርም፤ ቃሉ ራሱ አውዱን ይሰጠዋል። ያንኑ በላቲን ፊደል ስንጽፈው ከፈረንጅ አቆጣጠር ዓመት የሚለይበት ምንም ነገር የለም፤ የሰባትና የስምንት ዓመት ስሕተት በአንድ ሊንክ ይገባል። በአማርኛ ፊደል መጻፍ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ባይፈታውም አንባቢው የትኛው ዓለም ውስጥ እንዳለ ወዲያው ይነግረዋል።

ይሁንና በፊደላችን እንጻፍ ብሎ መቆም ሐቀኛ ክርክር አይሆንም፤ ፊደላችን የራሱ ፈተና አለውና። «ሥነ ጽሑፍ» የሚለውን መለያ ቃል እንየው። የመጀመሪያውን ፊደል ሰው በንጉሡ ሥ ወይም በእሳቱ ስ ይጽፈዋል፤ ሁለት አማራጭ። ጽ በጸሎቱ ወይም በፀሐዩ ሊጻፍ ይችላል፤ ይህም ሁለት። ሑ በሐመሩ፣ በሃሌታው ወይም በብዙኃኑ፤ ሦስት። ሲባዛ 12 አጻጻፍ ነው። ሁለቱን ቃላት አንዱ ለያይቶ፣ ሌላው አያይዞ ስለሚጽፋቸው 24 ይደርሳል። ሃያ አራቱም በየጋዜጣውና በየመጽሐፉ ይገኛሉ ባልልም፣ አምስትና ስድስቱን በአንድ ሳምንት ንባብ ማግኘት ከባድ አይደለም። «ኃይል» ሲጻፍ የመጀመሪያው ፊደል ብቻውን ስድስት መልክ ይኖረዋል፤ የእነዚህ ቤተሰቦች ግዕዝና ራብዕ በአማርኛ አንድ ድምፅ ሆነዋልና። «ቋንቋ»ን «ቁዋንቁዋ» ብሎ የሚጽፍም አለ። ለአንባቢ ይህ ችግር አይደለም፤ ዓይኑ ሁሉንም እንደ አንድ ቃል ያነባል። ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ የተለየ ቃል ነው። ሦስት አዘጋጆች ያሉት ዝግጅት ክፍል ሳያውቀው ሦስት የሥነ ጽሑፍ ገጾች ይኖሩታል፤ አንዱ ላይ አርባ ጽሑፍ፣ ሌላው ላይ ሰባት፣ ሦስተኛው ላይ አንድ። አንባቢው የሚያየው የገባበትን ብቻ ነው፤ ሌላው ከነጭራሹ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

ብዙ ሰው ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት የቁጥር መዝገብ ይህን የሚያስተካክለው ይመስለዋል። ዩኒኮድ ፊደላችንን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ተቀብሎ ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር ሰጥቶታል፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። አንድን ፊደል በተለያየ መንገድ መጻፍ በሚቻልባቸው ቋንቋዎች መልኮቹን አንድ የሚያደርግበት አሠራርም አለው። ያ አሠራር ግን የእኛን ሞክሼዎች፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ሆሄያት፣ አይነካም፤ መንካትም የለበትም፤ በግዕዝና በትግርኛ ልዩነታቸው ሕያው የሆኑ አሉ። ስለዚህ አንድ የማድረጉ ሥራ የአማርኛ ድረ ገጽ ሠሪው ነው። ይህ አዲስ ሐሳብም አይደለም። የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተባብረው አይካን እ.ኤ.አ. በ2017 ለከፍተኛው የስም እርከን ባካተተው የኢትዮጵያ ፊደል ደንብ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ሆሄያት እርስ በርሳቸው ተለዋጭ ሆነው ተመዝግበዋል። ለድረ ገጽ ስም የታሰበው ለመለያ ቃል የማይታሰብበት ምክንያት የለም።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በቀላሉም ልመልሰው አልፈልግም። ሞክሼዎቹን አንድ ማድረግ ቋንቋውን ከሥሩ ይቆርጠዋል፣ ሠዓሊና ሰአሊ አንድ አይደሉም፣ አንዱ ሥዕል የሚሥል ነው፣ ሌላው ለምኚ ማለት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እውነታቸውን ነው። በተቃራኒው ወገን የፊደል መሻሻል ይገባል ሲሉ የኖሩ ታላላቅ ጸሐፊዎችም አሉ፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ከእነዚህ አንዱ ነበሩ፤ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ላይም የሚጠብቀውን ሆሄ ከላዩ ነጥብ እያደረጉ አሳይተዋል። የማጥበቂያ ምልክት ዛሬ በዩኒኮድ ውስጥ የራሱ ቁጥር አለው። ሁለቱ ወገኖች ላለፉት ብዙ ዐሥርት ዓመታት አልተስማሙም፤ አንድ የድረ ገጽ ባለሙያም ዳኛ ሆኖ ሊቀመጥ አይገባውም። መልሱ ያለው አንድ ቃል በድረ ገጽ ላይ ሦስት ሥራ እንደሚሠራ በማስተዋል ላይ ነው። አንደኛው አንባቢው ከጽሑፉ ግርጌ የሚያየው ስም ነው፤ ይህ ሙሉ በሙሉ በአዘጋጁ ምርጫ ይጻፍ። ሁለተኛው አድራሻው ነው፤ ይህም ዝግጅት ክፍሉ የወሰነውን አጻጻፍ ይያዝ። ሦስተኛው ማንም የማያየው፣ መዝገቡ ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጠው ማመሳከሪያ ነው፤ ሞክሼዎቹ ሁሉ አንድ የሚሆኑት እዚህ ብቻ ነው። አንባቢ ወይም ሌላ አዘጋጅ «ስነ ፅሁፍ» ብሎ ቢገባ ማመሳከሪያው ያው እንደሆነ ያውቅና «ሥነ ጽሑፍ» ወደሚለው ገጽ ያደርሰዋል። የማንም ፊደል አልተሻረም፤ የተቀየረው ኮምፒዩተሩ የሚያወዳድርበት መንገድ ብቻ ነው። ሠዓሊና ሰአሊ ማመሳከሪያቸው ቢገጥም እንኳ ሥርዓቱ አዘጋጁን ይህ ቃል አለ፣ ያው ነው ወይስ ሌላ ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ሌላ ከሆነ አንድ ገላጭ ቃል ይጨመርበታል።

የሚያስፈልገው የፊደል ሠንጠረዥ ከአርባ መስመር ብዙም አይዘልም። ሐ እና ኀ ከነቤተሰባቸው ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፤ ሃ እና ኣ ደግሞ ወደ ግዕዛቸው። ኸ ለብቻው ይቆይ፤ የመጀመሪያው ድምፁ ከሀ ጋር አንድ አይደለም፤ አብረው የሚጨፈልቁት ሠንጠረዦች ይሳሳታሉ። ቁዋ ወደ ቋ፣ ቱዋ ወደ ቷ እየተባለ ዲቃላ ሆሄያቱ ይስተካከላሉ፤ የማጥበቂያ ነጥቡም ለማመሳከሪያው ሲባል ይነሳል። ይህን አንድ ሰው በአንድ ቀን ጽፎ ይጨርሰዋል።

ከሞክሼዎቹ ይልቅ ጥቂት ሰው የሚያስባቸው፣ ነገር ግን አድራሻን በቀጥታ የሚሰብሩ ልማዶችም አሉን። ዋነኛው በእዝባር ማሳጠር ነው። ፍ/ቤት፣ ት/ቤት፣ ጠ/ሚ፣ ወ/ሮ እያልን እንጽፋለን። በሊንክ ውስጥ ግን እዝባሩ የመንገድ መለያያ ነው፤ «ፍ/ቤት» የሚለው መለያ ቃል እንዳለ አድራሻ ውስጥ ከገባ ኮምፒዩተሩ «ፍ» የሚባል ክፍል ውስጥ «ቤት» የሚባል ገጽ ይፈልጋል፤ አያገኝም። እዝባሩን በኮድ ቀይሮ ማስገባትም ዋስትና የለውም፤ አፓቼ የሚባለው በሰፊው የሚሠራበት የሰርቨር ሶፍትዌር እንዲህ ያለውን አድራሻ ካልተፈቀደለት በቀር ገጹ የለም ብሎ ይመልሳል። ጃንጎ በበኩሉ አማራጩ ሲከፈትለት እዝባሩን ጥሎ «ፍቤት» የሚል፣ ማንም ጽፎት የማያውቅ ቃል ይፈጥራል። ሁለት ነጥብም እንዲሁ ነው። አሮጌውን ሥርዓት ጠብቆ «ሥነ፡ጽሑፍ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ነጥቦቹ ሲጣሉበት ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው ያገኛቸዋል። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፤ ባዶ ቦታ፣ ሁለት ነጥብ፣ የእንግሊዝኛው ኮለን፣ ሁሉም ወደ አንድ አጭር ጭረት ይቀየሩ፤ ያጠሩ ቃላት ደግሞ አስቀድመው ተዘርዝረው ይጻፉ፣ «ፍርድ-ቤት»፣ «ትምህርት-ቤት» ተብለው። ይህን ማሽን ብቻውን አይሠራውም፤ አዘጋጅ ይፈልጋል። መለያ ቃልን «የትምህርት»፣ «ትምህርቱ»፣ «ትምህርቶች» እያሉ ከማባዛት በንጹሕ ስሙ «ትምህርት» ብሎ መያዝም የአዘጋጁ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ጠንካራው ተቃውሞ እንምጣ። የአማርኛ ፊደል በአድራሻ ውስጥ በጥሬው አይጓዝም። እ.ኤ.አ. በ2005 የጸናው የአድራሻ ደንብ የሚፈቅደው ውስን የላቲን ፊደላትን፣ አኃዞችንና ጥቂት ምልክቶችን ነው፤ ሌላው ወደ ባይት ተቀይሮ በፐርሰንት ምልክት ይጻፋል። አንዱ ሆሄያችን ሦስት ባይት ስለሚይዝ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። ሁለት ሆሄ ያለው «ጤና» 18 ምልክት፣ አምስት ሆሄ ያለው «ትምህርት» 45 ምልክት ይወጣዋል፤ መደበኛው ፊደላችን ሁሉ የሚጀምረውም በአንድ ዓይነት ፐርሰንት፣ ኢ፣ 1 በመሆኑ ተደርድሮ ሲታይ አንዱ ከሌላው አይለይም። ታዋቂዎቹ ብራውዘሮች በአድራሻ መስመራቸው ላይ መልሰው በአማርኛ ያሳዩታል፤ ኮፒ ሲደረግ ግን ብዙ ጊዜ የሚወጣው ያ ረጅም የምልክት ሰልፍ ነው። ዎርድፕሬስም አድራሻውን የሚያስቀምጠው በዚሁ መልክ ነው፤ የፈቀደው ርዝመት ደግሞ 200 ምልክት ብቻ ነው። ለዘጠኝ ሲካፈል 22 ሆሄ። አራትና አምስት ቃል ያለው የአማርኛ ርዕስ ብዙ ጊዜ ይህን ያልፍና መሐል ላይ ተቆርጦ ይቀራል። ስለዚህ ተቃዋሚው፣ የሚነበብ አድራሻ ትላለህ፣ ሰው እጅ የሚደርሰው ግን የማይነበብ ነው ቢለኝ የሚታይ ማስረጃ ይዟል።

መልሴ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ ክርክሬ ስለ መለያ ቃል ነው እንጂ ስለ ሙሉ ርዕስ አይደለም። ርዕስ ረጅም ነው፣ ይታረማል፣ ይለወጣል፤ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አድራሻ ቁጥርን ዋና አድርጎ ከአጠገቡ ቃል ማስከተል ተገቢ ነው። ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለው የባለሙያዎች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ገጹን የሚያገኘው ቁጥሩ ነው፣ ቃሉ ለሰው ዓይን ነው። መለያ ቃል ግን በባሕርይው አጭር ነው፤ ከሁለትና ከሦስት ቃል አያልፍም፤ የዎርድፕሬስ 200 ምልክትም ይበቃዋል። ሁለተኛ፣ በፐርሰንት የተጻፈው አድራሻ ቢያስቀይምም ምንም አልጠፋበትም። ማንኛውም ብራውዘር ሲከፍተው ያው «ትምህርት» ሆኖ ይመለሳል። በላቲን የተጻፈው «ምርት» ግን «ምርጥ» ይሁን «ምርት» ለዘላለም አይታወቅም። አንዱ የማሳያ ጉድለት ነው፤ በሶፍትዌሮች መሻሻል እየቀነሰ ይሄዳል። ሌላው የትርጉም መጥፋት ነው፤ ምንም ሶፍትዌር አይመልሰውም። የፐርሰንት ምልክት ሳይታይ የየቋንቋውን ፊደል በአድራሻ ማስተናገድ የሚያስችለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2005 ጥር ወጥቷል፤ የአማርኛ ዊኪፔዲያም ገጾቹን በአማርኛ ፊደል አድራሻ ያስተናግዳል፤ «ኢትዮጵያ» የሚለው ጽሑፍ አድራሻው «ኢትዮጵያ» ነው። የዓረብኛው፣ የዕብራይስጡ፣ የጃፓንኛው ዊኪፔዲያም በየፊደላቸው ናቸው። በዚህ መንገድ የሄደው እጅግ የበዛ አንባቢ ያለው ድረ ገጽ ከሆነ፣ አይሠራም የሚለው ክርክር መሬት አይረግጥም።

ከዩኒኮድ በፊት የነበረውንም ዘመን ማስታወስ ይጠቅማል። እያንዳንዱ የአማርኛ ፎንት የራሱን ቁጥር ለፊደላቱ ይሰጥ ነበር፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። በዚያን ጊዜ ፈጣን መስሎ የታየው መፍትሔ ሁሉ ብዙ ጽሑፍ አስከፍሎናል። ዛሬ በየድረ ገጹ እየተፈጠረ ያለው የላቲን አጻጻፍ የሚከተለው ያንኑ መንገድ ነው፤ ለዛሬ ይቀልላል፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ማኅደሮቹን አንድ ላይ ማገናኘት ሲያስፈልግ ግን የሚያገናኝ ቁልፍ አይኖርም።

የቀሩት ተቃውሞዎች አጠር ያለ መልስ ይበቃቸዋል። የአማርኛ አድራሻ በጎግል ፍለጋ ይጎዳል የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ጎግል ራሱ ለድረ ገጽ ሠሪዎች ባወጣው መመሪያ በአንባቢዎቻቸው ቋንቋ ያሉ ቃላትን በአድራሻ እንዲጠቀሙ ይመክራል። ተመሳሳይ ፊደላትን ተጠቅመው አጭበርባሪዎች ሐሰተኛ ሊንክ ይሠራሉ የሚለው ሥጋት እውነተኛ ነው፤ ቦታው ግን የድረ ገጹ ዋና ስም ላይ ነው፤ ከዋናው ስም በኋላ የሚመጣውን ቃል የሚወስነው የድረ ገጹ ባለቤት ነውና። ሁሉም ሰው የአማርኛ ኪቦርድ የለውም ለሚለው፣ የመለያ ቃልን አድራሻ ሰው በእጁ አይጽፈውም፤ ይነካዋል፣ ያጋራዋል። ክብደት የምሰጠው በውጭ አገር ተወልደው አማርኛ እየሰሙ ፊደሉን ማንበብ ለሚቸግራቸው ወጣቶች ነው፤ በዋሽንግተን አካባቢም በእስራኤልም ብዙ ናቸው። ለእነሱ የላቲኑን አጻጻፍ ተጨማሪ በር አድርጎ መክፈት ይቻላል፤ በላቲን የገባውን ሁሉ ሥርዓቱ ወደ አማርኛው አድራሻ ያሻግረዋል። ሁለት ቃላት በላቲን ከተጋጩ ሁለቱንም አሳይቶ ምረጥ ይለዋል። በሩ ሊበዛ ይችላል፤ ቤቱ ግን አንድ ይሁን፣ በፊደሉም ይጠራ።

ቀድሞ የተሠሩ ድረ ገጾችስ? የቆየ አድራሻ አይሰረዝ። በቁጥርም ሆነ በላቲን የተሠራው ሁሉ 301 በሚባለው የቋሚ ዝውውር ምልክት ወደ አዲሱ ይምራ፤ የተማሪው ጥቅስም፣ በቴሌግራም የተላከው አሮጌ ሊንክም እንደተከፈተ ይቀጥላል። አንድ ጊዜ የተቀመጠ አድራሻን የመጠበቅ ግዴታ ከአዲሱ አድራሻ ማማር ይበልጣል፤ በዚህ የሚደራደር ድረ ገጽ ሠሪ ሥራውን አልተረዳም ባይ ነኝ።

የጋዜጣና የመጽሔት ድረ ገጽ የምታስተዳድሩ አዘጋጆች፣ ከሶፍትዌር ሠሪ ጋር ውል ስትፈርሙ የገጹን ቀለምና የፎቶውን መጠን ብቻ አትጠይቁ። «ምርጫ 2013» ብላችሁ ስጡትና አድራሻው ምን ሆኖ እንደሚወጣ አሳየኝ በሉት። «ኃይል»ን በሃ፣ በኃ፣ በሐ ጽፋችሁ ሦስቱ አንድ ገጽ ላይ ያርፉ እንደሆነ ፈትኑ። «ፍ/ቤት» አስገቡና ገጹ ይከፈት እንደሆነ እዩ። ሦስቱን ያላለፈ ድረ ገጽ ለአማርኛ አንባቢ አልተሠራምና አትረከቡት።